ይቆረጥ ወይስ ይቆይ

ኅዳር 4

መጋረጃዎቹን አጥቤ አሰጣሁ። ሦስቱ ነጡ። አራተኛው እልኸኛ ነው፤ ነገ ይደገማል።

ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ወርጄ ወደ ልጄ ፀጉር ቤት ገባሁ። ወለሉ ተጠርጓል፤ ማዕዘኑ ግን ተረስቷል። ማዕዘንም የወለል አካል መሆኑን ይህ ልጅ መቼ ይሆን የሚያምነው? መጥረጊያውን ተቀብዬ ጨረስሁት። ወንበር ላይ የተቀመጠው ደንበኛ በመስታወት እያየኝ፣ «እማማ፣ የኔንም ጆሮ ጀርባ ይዩልኝ፤ እዚያም ይረሳል» አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁለት። ረስቷል።

የሴቶቹ ክፍል እንደተዘጋ ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ተንሸራታች በር ላይ አቧራ ተቀምጧል። ልወለውለው እጄን አነሣሁና ተውሁት። የምራቴ ክፍል ነው... የምራቴ አቧራ ነው።

እሷ ፎቅ ላይ ልብስ ታጥፋለች። ያጠፈችውን ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። አስተጣጠፏ ልክ ስለሆነ ምን እላለሁ?

ኅዳር 7

ዛሬ ሁለቱም ሆስፒታል ሄደው ነበር። ዶክተሯ ጠርታቸው ነው፤ ያቺ ምራቴን ያከመቻት፣ ስትናገር የምትፈጥን፣ ስትራመድ ጫማዋ የማይሰማው።

ሲመለሱ ወጥ ቤት ተቀመጥን።

ያን ሰሞን የሆነውን እዚህ ላይ አልጻፍሁትም ነበር። አሁን በአጭሩ ይጻፍ። ምራቴ ስድስተኛ ወሯን ስትጨርስ ራሷን ያማት ጀመር። ጣቶቿ አበጡ፤ ቀለበቷ አልወጣ አለ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ፀጉር ስለምትሠራ ድካም ነው ተባለ። ድካም አልነበረም። የደም ግፊቷ ጣራ ነክቶ ነበር። እናትየውን ለማትረፍ ልጅቱን ያለጊዜዋ አወጧት። ልጄ ነርሷ መዳፉ ላይ ስታሳርፍለት «እፍኝ እንኳ አትሞላም እኮ!» አለ። ስሟ እፍኜ ሆኖ ቀረ። ማሞቂያው ሣጥን ውስጥ ከሳምንት በላይ ታግላ አረፈች። አንድ ቀን በሣጥኑ ቀዳዳ እጄን ባስገባ ጣቴን ያዘችኝ። ጥብቅ አድርጋ። ደካማ ልጅ አልነበረችም... ይህም ይጻፍ።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ዶክተሯ የምታጠናው ይህንኑ በሽታ ነው። ግፊቱ ገና ሳይነሣ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምልክቱን ከነፍሰ ጡሯ ደም ላይ ማግኘት ይቻል እንደሆነ። ለዚህ ከሴቶቹ የተወሰደው ደም እስኪወልዱና ከዚያም በኋላ በበረዶ መቆየት አለበት። ያለው ማቀዝቀዣ አርጅቶ አንድ ሌሊት ቆመባትና የብዙ ወር ልፋት ቀለጠ። አንድ ድርጅት ለአዲሱ ግማሹን ዋጋ እሰጣለሁ ብሏል፤ ሌላው ግማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ከሕዝብ ከተዋጣ ብቻ። ካልተዋጣ ጥናቱ ይዘጋል።

ምራቴ እዚያው «እኛ እናመጣዋለን» ብላታለች። እሷ! ከ«እሺ» እና ከ«አልራበኝም» ሌላ ቃል ካፏ ያልወጣት።

«ከየት ነው የምታመጡት?» አልሁ።

«እንጃ እማዬ» አለ ልጄ።

«ሰው ፊት እጅ በመዘርጋት?»

ምራቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ እማማ። እጄ እንደሆነ ባዶ ነው፤ ብዘረጋውስ?»



ኅዳር 8

አራተኛው መጋረጃ ነጣ።

ኅዳር 15

ዛሬ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሆነውን ካልጻፍሁት ነገ የሚያምነኝ የለም።

ጋሽ ሪዙ መጥቶ ነበር። የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ስም አለው፤ ማንም አይጠራበትም። ከአፍንጫው ሥር ተነሥቶ ሁለት ጉንጩን የሚሻገር ሪዝ አለው፤ ማበጠሪያውን ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው። ሚስቱ ከሚቀጥለው መንገድ ፋርማሲ አላት፤ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ልትጠራው መጣች።

«ዛሬም ሦስት ፀጉር ብቻ ነው ያስነሣኸው?» አለችው።

«አራት» አለ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ይህን መጥረጊያ ለሚላጭልኝ ሰው የወር ገቢዬን ነበር የምሰጠው!»

ተራ የሚጠብቅ አንድ ሾፌር ከጥግ ብድግ አለ። «እኔ ደግሞ ለሚያስቀረው እሰጣለሁ! ያለሱ ሪዝ አውቶቡሱ አይነሣም፤ መንገደኛም አያምነንም!»

«ስንት ትሰጣለህ?»

«አንቺ ከሰጠሽው በላይ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጄ ግን አልሳቀም። መቀሱን እንደያዘ ቆመ። ወደ እኔ ዞረና «እማዬ... የሰማሁትን ሰምተሻል?» አለ።

ሰምቻለሁ።

ኅዳር 19

ሁለት ሣጥኖች። አንዱ ለ«ይቆረጥ»፣ ሌላው ለ«ይቆይ»። በየቅዳሜው አንድ የታወቀ ጺም፣ ወይም ሪዝ፣ ወይም ጎፈሬ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ባለቤቱ ፈቅዶ ነው። የፈለገ በፈለገው ሣጥን ይጨምራል፤ ሚዛን የደፋው ሣጥን ይፈርዳል። የሁለቱም ሣጥን ገንዘብ ለማቀዝቀዣው ነው።

ዳኛ እንድሆን ለመኑኝ። ልመና ነው ብዬ የተቃወምሁት እኔ! ነገር ግን ይሄ ልመና አይደለም፤ ውድድር ነው። ውድድር ከሆነ ደግሞ ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ሥርዓት ከሆነ ያለ እኔ ማን ያስከብረዋል? ሣጥኖቹ ይቆለፉ፣ ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ይዋል፣ ሁሉ ነገር በሰው ፊት ይከፈት አልሁ። ልጄ በሣጥኖቹ ላይ የጻፈው ፊደል ወደ ጎን ተጋድሞ ነበር። ፍቄ በራሴ እጅ ጻፍሁት። አሁን ቆሟል።

ትልቁ መስታወት ግርጌ ላይ በሳሙና መስመር አሰመርሁ። በማስመሪያ ነው። ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር መስመሩ ከፍ ይላል። አናቱ ሲደርስ... ማቀዝቀዣው ተገዛ ማለት ነው።

ምራቴ እስከ ደረጃው አናት ወጥታ አዳመጠች። ወደ ታች አልወረደችም።

ኅዳር 24

የመጀመሪያው ቅዳሜ። ሥጋ ሻጩ ጺሙን ሰጠ። ይቆረጥ አሸነፈ። ከጺሙ ሥር ልጅ እግር ፊት ወጣ፤ እናቱ አቅፋ ሳመችው። «የት ሰንብተህ ነው ልጄ?»

መስመሩ ከፍ አለ። ብዙ አይደለም። ግን ከፍ አለ።

ታኅሣሥ 8

ሰው በዝቶ እስከ መንገዱ ተሰልፏል። ልብስ ሰፊው ጎፈሬውን በይቆይ አተረፈ፤ እጮኛው ናት ያተረፈችው፤ «ሌላ የሚያምር ነገር የለውም» ብላ። ሰውየው ተቀየመ፤ ቢሆንም ፀጉሩን ይዞ ሄደ።

አንድ ሰው ሣጥን ውስጥ ቁልፍ ጨምሮ አገኘሁ። የሸሚዝ ቁልፍ! «ማን ነው?» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ከኪሱ ገንዘብ አወጣና ሊጨምር መጣ። «ቲቸር፣ እጄ ስቶ ነው» አለ። እሱን ደግሞ አላስተማርሁትም። እንዲሁ ፈርቶ ነው።

ምራቴ ደረጃው መካከል ተቀምጣ አየኋት። ጉልበቷን አቅፋ። ዘወር አልሁ፤ እንዳየኋት እንዳታይ።

መስመሩ ከመስታወቱ ግማሽ በላይ ነው።

ታኅሣሥ 22

አይ ልጄ... አይ የኔ ልጅ።

ቅዳሜው የጋሽ ሪዙ ነበር። የአውቶቡስ ሾፌር በሙሉ ሥራውን ትቶ የመጣ ይመስላል። ሚስቱም ያላትን ይዛ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ይቆረጥ ላይ ዘመተች። ሣጥኖቹ ከልጄ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር፣ በጠረጴዛ ላይ ናቸው። ከፈትሁ። ይቆይ አሸነፈ። ጩኸቱ ድምፄን ስለዋጠው፣ እንዲታይ እጄን በይቆይ ሣጥን ላይ አሳረፍሁ።

ልጄ ጀርባውን ሰጥቶ በመስታወቱ ያየኛል። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሁሉ በመስታወት ነው የሚያየው። በመስታወት ግን ግራው ቀኝ ነው። እጄ ይቆረጥ ላይ ያረፈ መሰለው።

ማሽኑን አንሥቶ ከጋሽ ሪዙ አፍንጫ ሥር እስከ ግራ ጉንጩ ድረስ አንድ ጊዜ... ጥርግ።



ጋሽ ሪዙ ዓይኑን ገለጠ። በጣቱ ዳሰሰ። «ነፋስ ገባኝ» አለ።

ሚስቱ ቀስ ብላ ቀረበች። የተላጨውን ጎን አየች። ሪዝ ያለውን ጎን አየች። «አንተ ሰውዬ... ከንፈር አለህ እንዴ?»

ያኔ ነው የተሰማው። ከደረጃው። ሳቅ። መጀመሪያ እንደ ሳል ነበር፤ ከዚያ ሊቆም እምቢ አለ። ምራቴ አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ትስቃለች። ልጄ ማሽኑን ከነድምፁ እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ። ማንም ሌላውን አላየም፤ ሁላችን እሷን ነው ያየነው።

ጋሽ ሪዙም አያት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና፣ «በል ቀሪውንም ጨርሰው፤ ልጅቷ ትሳቅ» አለ።

ታኅሣሥ 23

ይመለሳል አልሁ። በይቆይ ሣጥን የከፈለ ሁሉ ገንዘቡ ይመለስለት።

ልጄ ፀጉሩን ያዘ። «እማዬ! ሰው እኮ ስቆ ነው የሄደው! ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ይቆይ አሸነፈ፤ አልቆየም። ሕጉን ያፈረስነው እኛ ነን።»

«ሪዙ ራሱ ምንም አላለም!»

«ሪዙ የከፈለው ሪዙን ነው። ገንዘብ የከፈሉት ሾፌሮቹ ናቸው።»

ምራቴን አየናት። ትቃወመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «እማማ ልክ ናቸው» አለች ሰሃን እያጠበች። «በልጄ ስም የተጭበረበረ ገንዘብ አልፈልግም።»

በልጄ ስም... ከዚያ ወዲህ እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

ታኅሣሥ 29

አንዳንዱ አልቀበልም ብሎ መልሶ ጨመረ። አብዛኞቹ ግን ተቀበሉ። ተቀያይመዋል፤ መብታቸው ነው። መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ አጥፍቼ ዝቅ አድርጌ አሰመርሁት። ከስንዝር በላይ ዝቅ አለ።

ሕግ ማስከበር እንዲህ ይከብዳል? በፊት አይከብደኝም ነበር። በፊት ግን የሚወርደው መስመር የእፍኜ አልነበረም።

ጥር 12

ችግሩ ይሄ ነው፦ ሰፈሩ ተላጭቶ አለቀ። ጺም የለም። ጎፈሬ የለም። ልብስ ሰፊው እንኳ ከእጮኛው ተጣልቶ በራሱ ፈቃድ ተላጨ፤ በነጻ! መንገድ ላይ የማየው ሁሉ እንደ ዕንቁላል የተላጠ ነው። ልጄ ባዶ ወንበር ይጠርጋል። ወሩ ሊያልቅ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ከአናቱ ብዙ ይቀረዋል።

ዶክተሯ ደውላ ነበር። «እስከ አሁን ያመጣችሁትም ትልቅ ነገር ነው» አለች አሉ። ምራቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ «ትልቅ ነገር ማቀዝቀዣ አይገዛም» አለች። ይህ አነጋገር የኔ ነው። ከእኔ ነው የወሰደችው። ደስ አለኝ።

ጥር 14

ጎማ ነጋዴው መጣ። አራተኛ ክፍል ያስተማርሁት ነው። በዚያ ዘመን ይህን የሚያህል ጎፈሬ ነበረው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ተማሪ አሰልፌ ራስ እመረምር ነበር፤ መቀስ በኪሴ ይዤ። ያልተበጠረ ካየሁ መሐል አናቱ ላይ አንድ መስመር እቆርጥለታለሁ፤ ቀሪውን ቤቱ ይጨርሰዋል። በትምህርት ቤቱ ቅማል አልነበረም። ልክ ነበርሁ፤ አሁንም ልክ ነኝ።

ዛሬ ራሱ በራ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ «ቲቸር፣ ያን ጊዜ የወሰዱት ይኸው አልተመለሰም» አለ። ልጄ የሚቆርጠው አጥቶ ቅንድቡን ያስተካክልለት ጀመር።

«የቀረ ራስ የለም አሉኝ» አለ ጎማ ነጋዴው።

«የለም።»

«አንድ አለ።»

በመስታወቱ የኔን የፀጉር ጉንጉን ያያል። የልጄ ማበጠሪያ ከእጁ ወደቀ።

«ነውር ነው!» አለው። «እናቴ ናት!»

«እኔስ ምን አልኩ? የሚከፍሉትን ሰዎች ግን አውቃቸዋለሁ። ሁላችንም በዚያ መቀስ አልፈናል። ለዚያ ጉንጉን ሱቁን የሚሸጥ አለ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወጣ «ቀጥ በል ተቆጣች» ሲል ሰማሁት። ያኔም እንዲሁ ነበር ስሜ። ቀጥ በል።

ጥር 15

ፀጉሬን ተማሪ ቤት አዳሪ ከገባሁባት ቀን ጀምሮ መቀስ ነክቶት አያውቅም። ሞግዚቷ የፀጉራችንን መሐል መስመር በማስመሪያ ትለካው ነበር። ጠማማ ከሆነ ቁርስ የለም። እኔ አንድም ቀን ቁርስ አላመለጠኝም።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጥቅልሉን ስፈታ ለማየት ጋዜጣውን ዝቅ ያደርግ ነበር። ዝቅ ብቻ ያደርገዋል።

አሁን ማን ያየዋል? ጠዋት እጠቀልለዋለሁ፣ ማታ እፈታዋለሁ። ለማን?

ጣቴን የያዘችኝ ያቺ ልጅ ብታድግ ኖሮ ትጎትተው ነበር... ጠንካራ እጅ ነበራት።

ጥር 16

«ቅዳሜ እኔ ነኝ» አልሁ ቁርስ ላይ። ልጄን ዳቦ አነቀው። ምራቴ ጀርባውን እየመታች እኔን አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ጥር 20

ጽሕፈቴ እንደ ወትሮው አይደለም። ቢሆንም ዛሬውኑ ይጻፍ።

ጎማ ነጋዴው ቃሉን ጠበቀ። ከየት አላመጣቸውም! የጥርስ ሐኪሙ መጣ። ትራፊክ ፖሊሱ ከነባርኔጣው መጣ። የፍርድ ቤት ዳኛ የሆነችው መጣች፤ ጠቋሚ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ፣ «ቲቸር፣ የኔን ሹሩባ ያስፈቱበት ቀን፣ ፎቶ የምንነሣበት ቀን ነበር!» አለች።

«መሐል መስመርሽ ጠማማ ነበር» አልኋት።

«አሁንስ?»

አየሁት። «አሁን ጥሩ ነው።» እንደተሸለመች ልጅ ፊቷ በራ፤ ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ያለውን ሁሉ ይቆረጥ ውስጥ ገለበጠችው።

ሁሉም የየራሱ ታሪክ አለው። አንዱ በመቀሱ፣ አንዱ በማስመሪያው፣ አንዱ «ድገመው» ባልሁት ጽሕፈት። እየተናገሩ ይከፍላሉ፣ እየከፈሉ ይስቃሉ። ይቆረጥ ሞልቶ ባልዲ ከጎኑ ተደረገ። ይቆይ ላይ ጋሽ ሪዙ ብቻውን ቆሟል፤ አዲስ የበቀለች ሪዙን እያሻሸ። «የተቆረጠበት ሰው ነው የሚያውቀው» ይላል። ሾፌሮቹም አንድ ሁለት እያሉ ተከተሉት። ታረቁን ማለት ነው።

በራሴ ጉዳይ ዳኛ መሆን ስለማይገባኝ ቁልፉን ለዳኛዋ ሰጠሁ። ይቆረጥ አሸነፈ። በዚህ ጊዜ ልጄ ዞሮ በገዛ ዓይኑ አይቶ አረጋገጠ።

ከሁሉ በላይ የከፈለው ጎማ ነጋዴው ስለሆነ መቀሱ ለእሱ ተሰጠ። ተቀመጥሁ። ከኋላዬ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። «ቲቸር» አለ። «ቀጥ ይበሉ!»

ጣራው ሊገነጠል ነበር። እኔም... ሳቅሁ። በሰው ፊት።

ከዚያ ግን መቀሱ አልመጣም። በመስታወት አየሁት። መቀሱን ዝቅ አድርጎታል። «አልችልም» አለ። «እኔ የማውቀው ጎማ ነው። ቢወጋዎትስ?»

«ስጠኝ።»

ምራቴ ነበረች። መቼ ደረጃውን ጨርሳ ወረደች? ሰዉ ገለል እያለ መንገድ ሰጣት። መቀሱን ከእጁ ወሰደችና ልጄን ቆጣ ብላ አየችው። «የሴት ፀጉር በወንዶች ክፍል አይቆረጥም። ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ?»

እጄን ይዛ አስነሣችኝ። ወደ ተንሸራታቹ በር ወሰደችኝ። አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ በሩን ገፋችው። አልሄድ አለ። በትከሻዋ ገፋችው። ሄደ።

ክፍሉ እንደተወችው ነበር። ማበጠሪያዎቹ በመጠናቸው ተደርድረው። መብራቱን አበራች፣ ወንበሩን አወረደችልኝ፣ ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረች። ሰዉ ሁሉ በሩ ላይ ተደራርቦ ቆመ። ጉንጉኔን ፈታች። ታበጥር ጀመር፤ ሥራዋን በሚያውቅ እጅ።

እያበጠረች፣ ወደ መስታወቱ እያየች ተናገረች። ድምፅዋን አላነሣችም፤ ግን ሁሉም ሰማ።

«ልጄ እፍኜ ትባላለች። ቀለበቴ አልወጣ ሲለኝ ሳሙና ቀብቼ ጎትቼ አወጣሁት፤ ዝም ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ከእንግዲህ ለአንዲት ሴት እንኳ ቀድሞ ከተነገራት፣ ልጄ ሥራ ሠርታለች ማለት ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «እማማ፣ ዝግጁ ነሽ?» አለችኝ።

አንቺ አለችኝ። ካገባች ቀን ጀምሮ እርስዎ ነበርሁ። ላርማት ይገባኝ ነበር?

«ቁረጪው ልጄ» አልኋት።

ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው።

መስመሩ የመስታወቱን አናት አልፎ ሄደ። ልጄ ወንበር ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ አሰመረው፤ ያለ ማስመሪያ፣ እያለቀሰ። ጠማማ ነበር። ዝም አልሁት።

ጥር 21

ራሴ ቀለለኝ። ትራሱ ላይ ጭንቅላት ያለኝ አልመስል ብሎኝ አደርሁ። ጠዋት ጠቅልዬ ላስር እጄን ወደ ኋላ ሰደድሁ፤ ምንም የለም። ብቻዬን ሳቅሁ።

መጋቢት 9

ማቀዝቀዣው ገባ። ሁላችን ሄደን አየነው። እንደ ቁም ሣጥን ረጅም ነው፤ ሲሠራ ያንጎራጉራል። ዶክተሯ «ክፈቺው» ብላ ምራቴን ጋበዘቻት። ከፈተችው። ጭሱ ወጣ፣ ቅዝቃዜው ፊታችንን መታው። ውስጡ ገና ባዶ ነበር። ምራቴ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «ይሞላል» አለች።

መደርደሪያዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ፈትሻቸዋለሁ።

ሚያዝያ 3

የሴቶቹ ክፍል ሥራ በዝቶበታል። ዛሬ አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች፤ የትምህርት ቤት ዘበኛ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇ። እኔ አጠገቧ ባለው ወንበር ፀጉሬን እታጠባለሁ። ምራቴ የሴትዮዋን ራስ በሳሙና እያሸች ጨዋታ ይዛለች። በመካከል እጇ ቆመ።

«ቀለበትሽን ምን አደረግሽው?»

«እምቢ አለኝ፤ በክር አንገቴ ላይ አደረግሁት። ቆሞ መዋል ነው መቼም።»

«ራስሽንስ ያምሻል?»

«ትንሽ። አሁን ደግሞ ጥሩ አድርገሽ እሺልኝና ተዪኝ...»

ምራቴ ከመሳቢያው የደም ግፊት መለኪያውን አወጣች። ከመጋቢት ጀምሮ እዚያ አለ፤ ከማበጠሪያዎቹ ጎን። ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ የሴትዮዋን ራስ በፎጣ ጠቅልላ፣ አረፋው ሳይለቀቅ፣ እጇን ይዛ አስነሣቻት።

«ኧረ ፀጉሬ!»

«ፀጉርሽ ይደርሳል።» ወደ መንገዱ ወጥታ ለሚያልፈው አውቶቡስ ጮኸች፦ «ጋሽ ሪዙ! አውቶቡስዎን ያቁሙልኝ!»

መንገደኛውን እንደጫነ በቀጥታ ሆስፒታል አደረሳቸው። በየፌርማታው የሚጮኹትን አልሰማም ብሎ አለፋቸው። አንድም መንገደኛ አልተቆጣም አሉ፤ አረፋ በጆሮዋ የሚወርድ ሴት እያዩ ማን ይቆጣል?

ሚያዝያ 4

በጊዜ ደርሳለች። አስተኝተዋታል። ዶክተሯ ለጥናቱ ደሟን ልትወስድ ፈቃድ ብትጠይቃት፣ «ለፀጉር ሠሪዋ ከሆነ ሁለት ጊዜ ውሰዱ» አለች አሉ።

ሰኔ 11

መጋረጃዎቹን አጠብሁ። አራቱም ነጡ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ስወርድ ዘበኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ያ ፀጉር ሳይታጠብ ቀርቶብኛል» ብላ ነው የመጣችው። ሕፃኑን ይዛለች። ወንድ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ግን ሙሉ ሆኖ፣ እየጮኸ ወጣ። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ተመልሷል።

ምራቴ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ይዛው ቆመች። ልጄ ከወንዶቹ ክፍል፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ በተከፈተው በር ያያታል። በመስታወት አይደለም፤ ዞሮ። እሷ ሕፃኑን ግንባሩ ላይ ሳመችውና ለእኔ ሰጠችኝ። «እማማ፣ ያዢልኝ፤ እናቱን ላጥባት።»

ያዝሁት። ሁለት እጄን ሞላው፤ ተርፎም ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ጭንቅላቱን ወደ አንገቴ አዙሮ የሚጎትተው ጉንጉን ፈለገ መሰለኝ፤ ሲያጣ ጆሮዬን ያዘ። ጥብቅ አድርጎ።

ወደ ወንዶቹ ክፍል ይዤው ሄድሁ። መስታወቱ ተወልውሏል። ማዕዘኑ ላይ ግን የሳሙና መስመር ቁራጭ ቀርታለች። ረስቷት ይሆን፣ ወይስ ትቷት?

ጨርቁን አነሣሁ። አስቀመጥሁት።

ትቆይ።